በወረርሽኝ ጊዜ ልጆችን በሰላም ማስተማር፦ ለወላጅና ለመምህር ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2020 ላይ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። 1.6 ቢሊዮን ገደማ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። የትምህርት ቤት በር መዝጋት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ነው። ልጁ እንዴት ይማር? እሱ ሳይታመም፣ ቤት ያሉትን አያቶቹንም ሳያሳምም እንዴት ይማር?

ይህ መመሪያ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለርዕሳነ መምህራን ነው። ብዙዎቹ ምሳሌዎች ከኮሮና የመጡ ናቸው። ነገ የሚመጣው በሽታ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚደረግም እጽፋለሁ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው በሽታው ሲለወጥ እርምጃውንም መለወጥ አያቅተውም።

ሁሉንም እርምጃ የሚያስተሳስር አንድ ሐሳብ አለ። ልጆቹ ጥቂት ይሁኑ፣ ሰዓቱ አጭር ይሁን፣ ዓላማው ትንሽ ይሁን፤ አየሩ ግን በብዛት ይግባ። ብዙ ቦታ ነገር የሚበላሸው ድሮ የነበረውን ትምህርት ቤት እንዳለ ለማስቀጠል ሲሞከር ነው። አርባ ልጅ፣ ስምንት የትምህርት ዓይነት፣ ሙሉ ቀን። ይህ በወረርሽኝ ጊዜ ክፍል ውስጥም አይሠራም፣ ስልክ ላይም አይሠራም።

1ኛ እርምጃ፦ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ እወቁ

ሳሙናም ሆነ ማስክ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በምንድን ነው? ኮሌራ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል። እዚያ ዋናው ነገር ንጹሕ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብ ነው፤ ማስክ ምንም አይፈይድም። ኢቦላ የታመመ ወይም የሞተ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ሲነካ ይተላለፋል። ኩፍኝ፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮሮና ደግሞ ከትንፋሽ ጋር ይወጣሉ። የኩፍኝ ቫይረስ ሕመምተኛው ክፍሉን ለቅቆ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል።

በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ማርች 2020 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለ አካባቢ 61 ሰዎች ለመዘምራን ልምምድ ተሰበሰቡ። ልምምዱ 2 ሰዓት ተኩል ፈጀ። አንደኛው ሰው የሕመም ምልክት ነበረው። በመጨረሻ የታማሚዎቹ ቁጥር፣ በምርመራ ያልተረጋገጡትን ጨምሮ፣ 53 ደረሰ። የተዘጋ ቤት፣ ተጠጋግቶ መቀመጥ፣ ከፍ ያለ ድምፅ፣ ረጅም ሰዓት። አሁን አንድ የመማሪያ ክፍል በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። አራቱም እዚያ አሉ።

ሌሎች መልስ የሚያስፈልጋቸው ጥያቄዎችም አሉ። ምልክት የሌለው ሰው ያስተላልፋል? ሰው በበሽታው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ በስንት ቀን ይወጣል? (ለኮሮና ከ2 እስከ 14 ቀን ይባል ነበር።) ይበልጥ የሚጎዳው ማንን ነው፤ ሕፃናትን፣ ነፍሰ ጡሮችን ወይስ አረጋውያንን? ክትባት አለው? መልሱን ከጤና ሚኒስቴርና ከዓለም ጤና ድርጅት ውሰዱ። በየግሩፑ ከሚላክ የድምፅ መልእክት አትውሰዱ። አዲስ በሽታ ሲመጣ ምክሩ እየተሻሻለ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ እየተመለሳችሁ እዩት።

2ኛ እርምጃ፦ የት እንደሚማሩ ወስኑ

ምርጫው ሦስት ነው። ቤት፣ የጥቂት ልጆች ቡድን፣ ወይም በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት። ውሳኔው የመንግሥት በሆነበት ጊዜ መመሪያውን ማክበር ነው። ምርጫው ለእናንተ ከተተወ ግን ሁለት ነገር መዝኑ፤ በአካባቢው በሽታው ምን ያህል ተስፋፍቷል፣ ቤታችሁ ውስጥስ ማን አለ? አያት፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው ካለ ልጁ ይዞት የሚመጣው ነገር ሌላ ትርጉም አለው።

ቤት ሁልጊዜ ከትምህርት ቤት የተሻለ መጠለያ ነው ብላችሁ ግን አትጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አብዛኞቹ የአሜሪካ ከተሞች ትምህርት ቤት ሲዘጉ ኒውዮርክና ቺካጎ ክፍት አደረጉ። የኒውዮርክ ጤና ኃላፊዎች ምክንያት ግልጽ ነበር። ብዙው ልጅ የሚኖረው በተጨናነቀና አየር በማያገኝ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ግን ሰፊ ክፍል፣ መስኮት፣ በየጠዋቱ ልጆቹን የሚያይ ሐኪምና ነርስ አለው። ለሁሉም በሽታ ይሠራል አልልም። የትኛው ቦታ የትኛውን ልጅ ይጠብቃል ብሎ መጠየቁ ግን ለሁሉም ይሠራል።

3ኛ እርምጃ፦ ቤት ውስጥ አጭር፣ የማይቋረጥ ሰዓት ይኑር

ሙሉ የትምህርት ቤት ቀን ቤት ውስጥ ለመድገም አትሞክሩ። ሁላችሁም ትሰለቻላችሁ፣ ቤቱም የጭቅጭቅ ቤት ይሆናል። በእኔ ግምት ከ6 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ እሱም ሁለት ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ፣ በቂ ነው። ከ9 እስከ 12 ዓመት ላለው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ከዚያ በላይ ላለው ሦስት አራት ሰዓት። ከሰዓቱ ርዝመት ይልቅ በየቀኑ በተመሳሳይ ጊዜ መጀመሩ ይበልጣል። ልጅ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያልቅ ካወቀ ክርክሩ ይቀንሳል።

ዓላማውንም አጥብቡ። ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ። ሌላው ሁሉ በትርፍ ጊዜ ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ከተያዙ ሳይንሱም ታሪኩም በኋላ ይደረስበታል፤ እነሱ ከወደቁ ግን ሌላው ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

አንድ የ8 ዓመት ልጅ እንውሰድ። ቁርስ ተበልቶ ጠረጴዛው ተጠርጓል። ስልኩ ሌላ ክፍል ነው። መጀመሪያ ልጁ ጮክ ብሎ አንድ ገጽ ያነባል። ቃል ሲሳሳት ወዲያው አትንጠቁት። ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስ። ከዚያ «እስቲ ይቺን ቃል ደግመህ እያት» በሉት። ገጹ ሲያልቅ መጽሐፉን ዝጉና ምን እንዳነበበ ጠይቁት። በራሱ አነጋገር መልሶ መናገር ካልቻለ ድምፅ አወጣ እንጂ አላነበበም። ገጹን ወደ ግማሽ ቀንሱና እንደገና ይሞክር።

ቀጥሎ አምስት የሒሳብ ጥያቄ። ሦስቱ ትናንት የሠራው ዓይነት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ አዲስ። ለምሳሌ 43 ሲቀነስ 17 ስንት ነው ብላችሁት 34 ብሎ ጻፈ። ኤክስ አታድርጉበት። «እንዴት እንዳመጣኸው አሳየኝ» በሉት። ከ3 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 3 ቀንሷል። ልጁ ግዴለሽ አይደለም፤ መበደር ነው ያልገባው። አሁን 43 ስቴኪኒ ቁጠሩ። በአሥር በአሥር እሰሩት፤ አራት እስርና ሦስት ነጠላ ይሆናል። ከዚያ 7 ነጠላ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ሦስት ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ያስብበታል፤ ከዚያ አንዱን እስር ይፈታል። መበደር የሚባለው እሱ ነው። አሁን 26 የሚለውን ራሱ ይደርስበታል። ይህን አሥር ደቂቃ የሚያህል ትምህርት አንድ ሙሉ የቪዲዮ ክላስ አይሰጠውም። ለዚህ ነው ወላጅ አጠገቡ ሲሆን ጥቂት ሰዓት ይበቃል የምለው።

ማንበብ የማይችል ወላጅ ከዚህ ሥራ ውጭ ነው ማለት አይደለም። ልጁ መምህር ይሁንና ያስተምራችሁ። «ለምን?» «ከዚያስ?» ማለት ብቻ ብዙ ሥራ ይሠራል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለም ለታናሹ ማስረዳቱ ለሁለቱም ይጠቅማል። አንድ ነገር ግን አደራ። ልጅ ሲያጠና አትጮኹበት። በፍርሃት የተቀመጠ ልጅ የሚያስበው ስለ እናንተ ፊት እንጂ ስለ ጥያቄው አይደለም።

4ኛ እርምጃ፦ መምህሩና ልጁ እንዳይቆራረጡ

እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኒሴፍ ባወጣው ግምት ቢያንስ 463 ሚሊዮን ልጆች የርቀት ትምህርት ማግኘት አልቻሉም። ኢንተርኔት የላቸውም፣ ወይም ስልክ የለም፣ ወይም መብራት የለም። ስለዚህ ርዕሰ መምህር ከሆናችሁ ዕቅዱን በኦንላይን አትጀምሩ። በወረቀት ጀምሩ፣ በሬድዮና በተራ ስልክ ቀጥሉ። ኦንላይኑ ያለው ሰው የሚጨመርለት ነገር ይሁን።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 በቺካጎ በፖሊዮ ምክንያት የትምህርት መክፈቻ ሲዘገይ ከተማው ትምህርቱን በሬድዮ ሰጠ። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ 315,000 ገደማ ልጆች በየቤታቸው ተከታተሉ። እያንዳንዱ ትምህርት 15 ደቂቃ ብቻ ነበር። ጋዜጦች የቀኑን ፕሮግራምና ጥያቄ ያትሙ ነበር፤ ወላጆች የሚደውሉበት ስልክም ተዘጋጅቶ መምህራን ይመልሱ ነበር። አጭር ትምህርት፣ ታትሞ እጅ ላይ የሚገባ ጥያቄ፣ ስልክ የሚያነሣ መምህር። ዛሬም ከዚህ የተሻለ አወቃቀር አላየሁም።

ስልኩን በተመለከተ በቦትስዋና በኮሮና ጊዜ የተደረገ ሙከራ አለ። አንዳንድ ቤተሰቦች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ የያዘ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ተላከላቸው። ሌሎች ደግሞ ከመልእክቱ በተጨማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተደወለላቸው። መልእክት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ይህን ያህል ለውጥ አላሳዩም። የተደወለላቸው ግን በሒሳብ ተሻሻሉ። ስማርት ስልክ አላስፈለገም።

መምህር ከሆናችሁ ጥሪውን እንዲህ አድርጉት። ሰዓቱን ከወላጅ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ስልኩ የአባት ከሆነ አባትየው ቤት የሚገቡበትን ሰዓት ምረጡ። ስልኩ በስፒከር ይሁን፣ ወላጅም ይስማ። መጀመሪያ «እንዴት ናችሁ? ሁሉም ደህና ነው?» ብላችሁ መልሱን በእውነት አዳምጡ። ቀጥሎ የላካችሁትን አንድ ጥያቄ ልጁ ድምፁን አውጥቶ ይሥራ። ከተሳካለት ትንሽ ከበድ ያለ ስጡት፤ ካልተሳካለት አንድ ደረጃ ውረዱ። ስትጨርሱ ለሳምንቱ የሚሠራውን አንድ ነገር ብቻ ንገሩት። ደብተራችሁ ላይ ስሙን፣ ቀኑንና የት ላይ እንደቆመ ጻፉ። ሁለት ጊዜ ደውላችሁ ያላነሣ ቤት ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ በጎረቤት ወይም በዘመድ በኩል አፈላልጉ።

ኦንላይን የሚማር ልጅ ካለ ስክሪኑ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይሁን እንጂ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን። የቪዲዮ ክላስ ሊንክ በአደባባይ አይለጠፍ፤ መግቢያው በይለፍ ቃል ይሁን፣ መምህሩም እያየ ያስገባ። መምህር ለአንድ ልጅ ብቻ በግል የሚልከው መልእክት ወላጅ የሚያየው መሆን አለበት። ልጁን ደግሞ እንዲህ በሉት፦ የማታውቀው ሰው ፎቶ ከጠየቀህ ወይም ሚስጥር ያዝልኝ ካለህ ለእኔ ንገረኝ፤ አልቆጣህም። የመጨረሻዋን ቃል ጠብቁ። ከተቆጣችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

5ኛ እርምጃ፦ የጥቂት ልጆች ቡድን

ቤተሰቦች ተስማምተው ከ4 እስከ 6 ልጆችን አንድ ላይ ማስተማር ይችላሉ፤ ሕጉ ከፈቀደ። ቁልፉ ልጆቹ ሁልጊዜ እነዚያው መሆናቸው ነው። ዛሬ ከእነ እገሌ ጋር፣ ነገ ከሌሎች ጋር ከሆነ ቡድን የለም፤ ድብልቅ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ወላጆች ተቀምጣችሁ በግልጽ ተነጋገሩ፣ የተስማማችሁበትንም ጻፉት። ሰው የታመመበት ቤት ልጁን አይልክም፤ መታመሙንም በዚያው ቀን ለሌሎቹ ይናገራል። የተናገረ አይወቀስም። ይህ ካልተባለ ሰው ይደብቃል። የምትማሩት ደጅ ይሁን፤ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በረንዳ ላይ፣ ግቢ ውስጥ። ዝናብ ከመጣ በሁለት በኩል መስኮት ያለው ክፍል ፈልጉ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚል ደብተር ይኑር። አንድ ልጅ ቢታመም የሚነገራቸው ሰዎች ዝርዝር ከዚያ ይወጣል።

6ኛ እርምጃ፦ ክፍሉን አየር አብሉት

ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰው ቶሎ የሚያስበው ወለል ማጠብና ጠረጴዛ መወልወል ነው። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ግን ከሁሉ የሚበልጠው አየር ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሲጋራ እያጨሰ ነው ብላችሁ አስቡ። ጭሱ የት ይከማቻል? በየት ይወጣል? የትኛው ጥግ የተቀመጠ ልጅ ይታፈናል? ቫይረሱም ከትንፋሽ ጋር እንደዚሁ ነው የሚንሳፈፈው።

አንድ መስኮት መክፈት ይረዳል፤ በሁለት ፊት ለፊት ግድግዳ መክፈት ግን ብዙ ይለያል፤ አየሩ ገብቶ ያልፋል። መስኮት በአንድ በኩል ብቻ ካለ በሩን ክፈቱ። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ በክር አንጠልጥላችሁ መስኮቱ ጋ ያዙት። ከተወዛወዘ አየር ይንቀሳቀሳል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ያ ጥግ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። በየእረፍቱ ልጆቹን ሁሉ አስወጥታችሁ በርና መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ብርድ ከሆነ ልጆቹ ደረብ አድርገው ይልበሱ እንጂ መስኮቱ አይዘጋ።

አቅም ካለ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ግዙ። ንጹሕ የደጅ አየር 420 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር 420 እጅ) ገደማ ያሳያል። ክፍሉ ከ800 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። እየወጣ 1,500 ከደረሰ ልጆቹ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተነፈሰ ነው። መለኪያው ቫይረስ አይለካም፤ የተነፈሰ አየር ምን ያህል እንደተጠራቀመ ነው የሚነግራችሁ። አንድ መለኪያ ከክፍል ክፍል እየዞረ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ሊያገለግል ይችላል። አየር የማያልፍበት ክፍል ካለ ማጣሪያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል ያስተዋወቁት ቀላል ዘዴ አለ፤ ሜርቭ 13 የሚባለውን፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ዓይነት አራት የአየር ማጣሪያ በሳጥን ቅርፅ አጣብቆ ላዩ ላይ አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ፋን መግጠም። ያለ ማጣሪያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚዞር ፋን ግን አየሩን ያማስለዋል እንጂ አያጸዳውም።

ይህ ነገር ሲዘነጋ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. ሜይ 2020 በኢየሩሳሌም በአንድ ትምህርት ቤት ታየ። ትምህርት ሲከፈት ኃይለኛ ሙቀት መጣ። በሙቀቱ ምክንያት ልጆቹ ማስክ እንዳያደርጉ ተፈቀደ፤ ክፍሎቹ የተጨናነቁ ነበሩ፤ የአየር ማቀዝቀዣውም (ኤሲው) ቀኑን ሙሉ ይሠራ ነበር። 153 ተማሪዎችና 25 ሠራተኞች ተያዙ። ኤሲ ክፍሉን ያቀዘቅዛል፤ ብዙዎቹ ግን ያንኑ አየር መልሰው የሚያዞሩ ናቸው።

ከሁሉም የሚሻለው ደጅ ማስተማር ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 በበርሊን አጠገብ በሻርሎተንቡርግ ለደካማ ሕፃናት ጫካ ውስጥ የተከፈተው ትምህርት ቤት ለሌሎች አርአያ ሆነ። በ1908 ደግሞ በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ የሳንባ ነቀርሳ ያሰጋቸው ልጆች በክረምቱ ብርድ መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ክፍል፣ በሙቅ ከረጢት ተጠቅልለው ይማሩ ነበር። ዴንማርክ ኤፕሪል 15 ቀን 2020 የታናናሾቹን ክፍሎች ስትከፍት ልጆቹን በትናንሽ ቡድን ከፍላ፣ የቻሉት ሁሉ ደጅ እንዲማሩ አደረገች።

ሌላው የፈረቃና የመቀመጫ ጉዳይ ነው። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉ። ልጆች ሁሌ በዚያው ቦታ ይቀመጡ፤ የመቀመጫው ካርታ ተሥሎ መምህሩ ጋ ይቀመጥ። መግቢያ፣ እረፍትና መውጫ ሰዓት ይለያይ፤ በር ላይ መጋፋት የክፍሉን ልፋት ሁሉ ያፈርሰዋል። በኮሮና ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ሜትር ርቀት ይመክር ነበር። መዝሙርና ስፖርት ደጅ ይሁን።

7ኛ እርምጃ፦ ማስክ፣ እጅና ዕቃ

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለኮሮና የሰጡት ምክር እንዲህ ነበር። 5 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ማስክ ግዴታ የለባቸውም። ከ6 እስከ 11 ያሉት እንደ ሁኔታው። ከ12 ጀምሮ እንደ አዋቂ። ማስክ አፍንጫ ላይ ካልገጠመ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ በጎን የሚገባ አየር ከተሰማችሁ ሌላ ልክ ሞክሩ። ልጅ ማስኩን ከጓደኛው ጋር መለዋወጥ እንደሌለበት ደጋግማችሁ ንገሩት። የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ካለ የመምህሩን ከንፈር ማየት አለበት። ለእሱ ግልጽ ማስክ ወይም ደጅና ርቆ ማስተማር ይታሰብ።

እጅ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ይታሻል። መዳፍ ብቻ አይደለም፤ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መሃል፣ አውራ ጣትና ጥፍር ሥርም ይታሻል። ሳኒታይዘር ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ይኑረው፤ ሊጠጡት ስለሚችሉ ትናንሽ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ዕቃ ለማጽዳት 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ በ49 እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ 0.1 በመቶ ይሆናል። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ልጆቹ በሌሉበት አጽዱ። በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ልጅ ላይ ኬሚካል መርጨት ደግሞ ክልክል ነው። ዓይኑንና ሳንባውን ይጎዳል፤ በውስጡ ያለውን ቫይረስም አይነካውም።

8ኛ እርምጃ፦ ልጅ ሲታመም

በየጠዋቱ ከቤት ሳይወጣ ሁለት ደቂቃ እዩት። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ተቅማጥ፣ ያልተለመደ ድካም አለው? ካለ ቤት ይቆይ። ትምህርት ቤቶች ለዚህ መንገድ መክፈት አለባቸው። አንድ ቀን ሳይቀር የመጣ ተማሪን መሸለም በወረርሽኝ ጊዜ ይቅር። ፈተና ያመለጠው ልጅ በሌላ ቀን ይፈተን። ልጁ ሲቀር የሚቀጣ ከሆነ ታሞም ይመጣል።

ክፍል ውስጥ ከታመመ መስኮት ባለው የተለየ ክፍል፣ አንድ አዋቂ ማስክ አድርጎ አብሮት ይቆይ። ብቻውን አይዘጋበት። ወላጅ ይጠራ። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከሰማያዊ ከመሰለ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ቢቀሰቅሱትም መልሶ ከደከመ ወይም ካንቀጠቀጠው ወላጅ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የታመመውን ልጅ ስም ክፍል ፊት አትጥሩ። ሲመለስ ልጆቹ እንዳይሸሹት አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው። በሌላ በኩል መደበኛ ክትባት እንዳይዘለል ተጠንቀቁ። ሁሉም ሰው አንዱን በሽታ ሲያይ ኩፍኝ በጓሮ በር ይገባል።

9ኛ እርምጃ፦ ያልተነገረውን አዳምጡ

ልጆች ዝም ሲባሉ ከእውነቱ የከፋ ነገር ያስባሉ። በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን ንገሯቸው። «በሽታ አለ። ብዙ ሰው ይድናል። እኛ ይህንና ይህን እያደረግን ነው። የምታስበው ነገር ካለ ጠይቀኝ።» ሰው ከሞተባቸው «ሄደ»፣ «ተኛ» አትበሏቸው። መሞቱን ንገሯቸውና አብራችሁ አልቅሱ። ልጁ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት፣ መቅበጥ ወይም ያለ ምክንያት መቆጣት ቢጀምር ብልግና አይደለም፤ ጭንቀት ነው።

ቤት ለሁሉም ልጅ ሰላም አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015፣ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነው ነበር። በሴራሊዮን ብዙ ታዳጊ ልጃገረዶች በዚያ ጊዜ አረገዙ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ እርግዝናቸው የሚታይ ተማሪዎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ2020 ነው። ሁለት ጊዜ ተጎዱ። ስለዚህ መምህር ሲደውል ከልጅቷ ጋር ብቻዋን ለመነጋገር ጥቂት ደቂቃ ይፈልግ። አዎ ወይም አይ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቅ፤ አጠገቧ ሰው ሊኖር ይችላል። የሆነ ነገር ከጠረጠረ ለማን እንደሚያሳውቅ ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ይወስን።

10ኛ እርምጃ፦ ሲመለሱ ካቆሙበት ገጽ አትጀምሩ

ኔዘርላንድስ ፈጣን ኢንተርኔት ያለው፣ ትምህርት ቤቶቹም ለ8 ሳምንት ያህል ብቻ የተዘጉበት አገር ነው። በዚያ የተደረገ ጥናት ልጆች በአማካይ ከአንድ የትምህርት ዓመት አንድ አምስተኛ የሚሆን እውቀት እንዳጡ አሳየ። ጊዜውን ብታሰሉት ቤት ሆነው ምንም ያልተማሩ ያህል ነው። ጉዳቱ የከፋው ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ነበር።

ከዚህ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የፓኪስታኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ፓኪስታን በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ቤቶች ለሦስት ወር ገደማ ተዘጉ። ከ4 ዓመት በኋላ አጥኚዎች ልጆቹን ሲፈትኑ በአደጋው አቅራቢያ የነበሩት ከሌሎቹ በአንድ ዓመት ተኩል ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ሦስት ወር እንዴት አንድ ዓመት ተኩል ይሆናል? አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ክፍሉን መከተል እያቃታቸው ክፍተቱ እየሰፋ ሄደ የሚል ነው። እናታቸው አንደኛ ደረጃን የጨረሰች ልጆች ግን ይህ ክፍተት አልታየባቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳምንት ላይ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ ፈትሹት። አንድ አንቀጽ ያንብብ፤ ካልቻለ ዓረፍተ ነገር፤ ካልቻለ ቃል፤ ካልቻለ ፊደል። በሒሳብም እንዲሁ ከማካፈል ወደ መቀነስ፣ ከመቀነስ ወደ መደመር ውረዱ። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ይህ ማርክ የሚሰጥበት ፈተና አይደለም፤ ለልጁም ንገሩት። ከዚያ በቀን አንድ ሰዓት ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በደረጃቸው ሰብስባችሁ አስተምሩ። የ5ኛ ክፍል ልጅ ከ3ኛ ክፍል ልጆች ጋር ቃል እያነበበ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይሳቅበት። የዓመቱ መጽሐፍ ላያልቅ ይችላል። ይዘለልና የግድ የሚያስፈልገው ይያዝ።

በመጨረሻም የድሮውን የስም ዝርዝር አውጡና ዛሬ ክፍል ካሉት ጋር አስተያዩ። የጎደሉትን ስሞች ለመምህራን ተከፋፈሉ። በዚያው ሳምንት ይደወል፤ ስልክ ከሌለ ቤቱ ድረስ ይኬድ። ልጁ ሥራ ገብቶ ከሆነ የትኛው ፈረቃ እንደሚመቸው ጠይቁ። ታሞ ወይም አስታማሚ ሆኖ ከሆነ ወረቀት ላኩለት፣ የሚደወልበትንም ቀን ቁረጡ። ልጅቷ አርግዛ ወይም ወልዳ ከሆነ ቦታዋ እንዳልተወሰደ ንገሯት። መልሱን ስሙ አጠገብ ጻፉ፤ ሳምንት ቆይታችሁም እንደገና ደውሉ።